«ደመወዝ፦ በስምምነት»

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ገንዘብ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ነውር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን አንዳንዶቹ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሌሎቹም ከኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ሲወጡ፣ ከአንድ አሠሪ ፊት ቀርበው «ስንት ይከፈልህ? ስንት ይከፈልሽ?» መባላቸው አይቀርም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርታችን የስንቱን ጥያቄ መልስ ስናጠና ለዚህ ለአንዱ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀንም።

የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ሁለት ዓይነት አነጋገር ያገኛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሥራው ደረጃና ደመወዙ በቁጥር ተጽፏል። እዚያ የአመልካቹ ተግባር የተመደበበት ደረጃ ለትምህርቱና ለሥራ ልምዱ የሚገባ መሆኑን ማጣራት ነው። በግል ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ነው። ስምምነት የሁለት ሰዎች ነገር ነው። አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ካለ፣ ያ ውሳኔን መቀበል ነው እንጂ መስማማት አይባልም።

እኛን ዝም የሚያሰኘን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በማዕድ ዙሪያ መልካም ጠባይ ነው፤ በውል ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አባቶቻችንም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለምሳሌ የታላቅ እኅቴን ነገር ልንገራችሁ። በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመርቃ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጠረች። ስንት እንደምትፈልግ ሲጠይቋት «እናንተ እንዳያችሁት» አለች፤ 8,000 ብር ወሰኑላት። በዚያው ቀን፣ ለዚያው ሥራ፣ በዚያው የትምህርት ደረጃ የተቀጠረ ወጣት ግን የፈለገውን ቁጥር ተናግሮ 9,500 ብር ተቈረጠለት። እኅቴ ይህን ያወቀችው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ይህ የ1,500 ብር ልዩነት በዚያው የሚቆም እንዳይመስላችሁ። ለሁለቱም እኩል ዐሥር በመቶ ቢጨመር የእርሷ 8,800፣ የእርሱ 10,450 ይሆናል፤ ልዩነቱም 1,650 ደረሰ ማለት ነው። የጡረታ መዋጮውም የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከግል አሠሪው 11 በመቶ። ስለዚህ መነሻው ያነሰ ሰው ጭማሪውም ጡረታውም ያንሳል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የተባለው ለድስት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ብናደርግ ይሻላል? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ የሥራውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ። በዚያ ሙያ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች «ለጀማሪ ምን ያህል ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሲጠይቁም ያልተጣራውን ደመወዝ ከተጣራው መለየት ይገባል፤ ከ8,000 ብር ላይ ለጡረታ ብቻ 560 ብር ይቀነሳል፤ ግብሩም ከዚያ ሌላ ነው። የትራንስፖርት አበል፣ ሕክምናና የሥራ ላይ ትምህርትም የክፍያው አካል ስለ ሆኑ አብረው ይታሰቡ።

ሁለተኛ፣ በጊዜው መናገር። ገና ሳይመርጡን ስለ ደመወዝ መከራከር ችኩልነት ነው፤ ከፈረሙ በኋላ መከራከርም ከንቱ ነው። የተመረጥን መሆናችን ሲነገረን፣ ሳንፈርም፣ በትሕትና አንድ ቁጥርና ምክንያቱን እናቅርብ። ከዚህ በታች አልቀበልም የምንለውንም ቁጥር ከቤት ስንወጣ በልባችን እንወስን።

ሦስተኛ፣ የተስማሙበትን በጽሑፍ መያዝ። ላባ የያዕቆብን ደመወዝ ዐሥር ጊዜ እንደ ለዋወጠው በመጽሐፍ ቅዱስ ተምረናል፤ የቃል ውል ከአማች ጋር እንኳ እንዲህ ያደርጋል። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ሊበልጥ አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። ከተቀጠርን በኋላ ልዩነት መኖሩን ብንደርስበትስ?

አስቀድመን ልዩነቱ ምክንያት ያለው መሆኑን እንመርምር። የረዥም ጊዜ ልምድ ያለው፣ ወይም ተጨማሪ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ቢበልጠን ቅር ልንሰኝ አይገባም። ምክንያት ከሌለው ግን ቁጣችን በባልንጀራችን ላይ አይሁን፤ እርሱ የወሰደብን ነገር የለም።

እኅቴ ያደረገችው ይህን ነበር። ከወጣቱ ጋር አልተጣላችም፤ ሥራዋንም ጥላ አልወጣችም። በአምስት ወር ውስጥ የሠራችውን በአንድ ገጽ ጽፋ ወደ ኃላፊዋ ገባች። ኃላፊው መጀመሪያ የጠየቋት «ማን ነገረሽ?» ብለው ነው። እርሷም «የነገረኝን ሰው ትተን፣ ሥራው አንድ ስለ መሆኑ ብንነጋገር ይሻላል» አለቻቸው። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንደሚታይ ሲነግሯት፣ ይኸው በደብዳቤ እንዲሰጣት ለመነች። በሐምሌ ደመወዟ ተስተካከለ። ያለፈው ወራት ገንዘብ ግን አልተመለሰላትም።

ሕግም ከጎናችን አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1943 ዓ.ም. ያወጣውን የእኩል ክፍያ ስምምነት ቁጥር 100 አገራችን በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች። አዋጅ 1156ም በአንቀጽ 14 አሠሪ በጾታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ማኅበሩም ለሁሉ የሚታይ የደመወዝ እርከን በኅብረት ስምምነት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ከሁሉ የበለጠ መድኃኒት ነው፤ ደፋሩም ዐይን አፋሩም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉና።

ወላጆቻችን «ልጄ፣ የተገኘውን ያዝ፤ ለአንድ ቦታ መቶ ሰው ተሰልፏል» እንደሚሉን ዐውቃለሁ። በምክራቸው ውስጥ እውነት አለ። የመጀመሪያው ደመወዝ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ የታናናሾቻችን ደብተርና የቤት ኪራይ እንደሚጠብቁት እናውቃለን። ጠይቀን እንቢ ብንባልና ሥራው ቢያስፈልገን እንቀበል። ነገር ግን ዐውቆ መቀበልና ሳያውቁ መቀበል አንድ አይደሉም። ዐውቆ የተቀበለ ሰው መቼና በምን ምክንያት እንደገና እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ለበዓሉ የመጣችሁ ታላላቆቻችን በልዩ ልዩ ሙያ ተሰማርታችኋል። በየሙያችሁ ለጀማሪ የሚከፈለውን ስማችሁን ሳትጽፉ በወረቀት ላይ ብታሰፍሩልን፣ በቤተ መጻሕፍታችን በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ በየዓመቱም እናድሰዋለን። ከእኛ በኋላ የሚወጣ ተማሪ «ስንት ይከፈልሽ?» ሲባል ዐይኑን መሬት ላይ አይተክልም።