ድስቱን ከመግዛታችን በፊት
(የእድራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ንፍሮ አልደረሰም የሚል ስሞታ ስለበዛ ሁለት ተጨማሪ ትልልቅ ብረት ድስት ይገዛ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ገንዘቡ የሁላችንም ነውና ከመወሰናችሁ በፊት ያየነውን ልንነግራችሁ ይገባል።

ከኮሚቴያችን ሁለት ሰዎች በቅርቡ ሥልጠና ገብተን ነበር። ትምህርቱን «ዲዛይን ቲንኪንግ» ይሉታል። ከስድስተኛ ክፍል ላላለፍን ሰዎች ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩስ ከባድ አይደለም። አንድ ዕቃ ከመሥራታችሁ ወይም ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠቀምበት ሰው ዘንድ ሂዱ፣ ሲሠራ ተመልከቱ፣ የቸገረውን ለዩ፤ ከዚያ በርካሽ ሞክሩ፣ አሳዩት፣ አስተካክሉ ነው የሚለው።

አንድ ምሳሌ ሰምተን ገርሞናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካን አገር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ዋጋው የረከሰ ማሞቂያ መሣሪያ እንዲያስቡ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ኔፓል ድረስ ሄዶ በካትማንዱ ሆስፒታል ቢገባ፣ መሣሪያው አለ፣ ግን ባዶውን ቆሟል። ለካ ሕፃናቱ የሚወለዱት ገጠር ነው፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ ያልቃሉ። ስለዚህ መሣሪያውን ማርከሱን ትተው መብራት በሌለበት መንደር የሚያገለግል የሕፃን መጠቅለያ ሠሩ። በውስጡ እንደ ሰም የሚቀልጥ ነገር የያዘ ከረጢት አለበት፤ አንዴ ከሞቀ በሰውነት ሙቀት ልክ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ለሰዓታት ይቆያል። ስሙንም «ኢምብሬስ» አሉት።

ባዶውን ቆመ ሲባል ወዲያው የታየን የእኛው ዕቃ ቤት ነው። ያሉን ትልልቅ ድስቶች እኮ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል!

ታዲያ በሦስት ለቅሶ ቤት ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን ተመለከትን። ብንጠይቅማ ኖሮ እናቶቻችን «ምን ችግር አለ፣ እንወጣዋለን» ብለው ነበር የሚሸኙን። ያየነው ግን ንፍሮውን በትንንሹ ድስት ሦስትና አራት ጊዜ እያፈራረቁ ሲቀቅሉ ነው። እንግዳው የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ትልቁ ለምን አይጣድም? ውሃውን ማጥለል ሲመጣ የፈላውን ድስት ሁለት ሰው በጨርቅ ይዞ ማዘንበል አለበት። አንዲት እናት ካልሲያቸውን ዝቅ አድርገው እግራቸው ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳዩን። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም።

እንግዲህ ሁለት ድስት ቢጨመር እሱም ዕቃ ቤት ነው የሚገባው። (ካርታ ከሚጫወተው ወገን ስለ ድስት አስተያየት የሚበዛው ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባንም።)

ከአሮጌዎቹ አንዱን አውጥተን በያጅ ዘንድ ወሰድነውና ከታች አስበስተን ቧንቧ አስገጠምን። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃና በስንዴ ሞከርነው፤ ስንዴው ቀዳዳውን ደፈነው። ከውስጥ የተበሳሳ ትሪ ደፋንበትና እንደገና ሞከርን፤ ውሃው ወረደ። በእሳት ላይ ሲሞከርም ድስቱ ከጉልቻው ሳይነሣ ጠለለ። ሆኖም ያበሰሉት እናት «መክፈቻው ይፋጃል፣ እሳቱም ይደርስበታል» አሉን። ልክ ናቸው። ቧንቧው ረዘም ብሎ ከእሳቱ ወዲያ እንዲወጣ ተደርጎ በድጋሚ እየተበየደ ነው።

ይህ አሠራር ለእድር ብቻ አይደለም። ልብስ የምትሰፉ፣ ሻይ ቤት ያላችሁ፣ ደንበኛው አፉ የሚለውን ብቻ ሳይሆን እጁ የሚያደርገውንም እዩ።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚጠይቀው የግዢው ውሳኔ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እንዲቆይ ነው። ድስቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ይጣዳል፤ ስንዴውን እድሩ ያቀርባል። በተለይ ለቅሶ ቤት የምታበስሉ እናቶችና እኅቶች መጥታችሁ በእጃችሁ ሞክሩት፣ የማይመቸውንም ሳታፍሩ ንገሩን። ወንዶችም ኑ፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል።