የመሰናበቻው ማግሥት

(በግሸን አምባ ግርጌ፣ በማኅበራችን የሕክምና አገልግሎት ጉዞ የመዝጊያ ምሽት የተደረገ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ አሥር ደቂቃ ብቻ ሰጥተውኛል። ራውንድ ላይ «ባጭሩ አቅርቢ» ስባል ከታካሚው አያት ጀምሬ የምተርክ ተማሪ እንደነበርኩ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየሳቁ ነው። ዛሬ ግን እሞክራለሁ።

ነገ ጠዋት ድንኳኑን እንነቅላለን። ለመስከረም 21 ንግሥ ወደዚህ የመስቀል ቅርጽ ወዳለው አምባ የሚወጣውን ሕዝብ ግፊት ስንለካ፣ የተላጠ እግር ስናሽግ፣ መድኃኒቱን ቤቱ ረስቶ የመጣ የአስም ታካሚ ስናስታግስ ሰንብተናል። የሥራ አመራሩ ይህ ጉዞ የመጨረሻችን እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ግማሾቻችን ውጭ አገር ነን። እዚህ የቀረነውም ዳገቱን ስንወጣ ከታካሚው እኩል እናለከልካለን። ወጪውም ከብዷል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አልቃወምም። የምናገረው እንሰናበት ወይስ አንሰናበት በሚለው ላይ አይደለም። እንዴት እንሰናበት በሚለው ላይ ነው። ለዚህ የመረጥኩት ምሳሌ ደግሞ ዳንስ ነው። አትስጉ፣ እስክስታዬን አላሳያችሁም።

እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ለብዙዎቻችሁ አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ለእኔ የእናቴ ቤት ነው። ልጅ ሳለሁ የቀበሌያችን ኪነት ነበር። ማታ ማታ በቀበሌው አዳራሽ የሰፈራችን ልጆች ይወዛወዛሉ፤ ታላቅ እህቴም ከተወዛዋዦቹ አንዷ ነበረች። በመስኮት ተንጠልጥዬ ሳያት ያቺ ከእኔ ጋር ውኃ የምትቀዳው እህቴ አትመስለኝም ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ኪነቱም ቀረ። የመጨረሻው ትርዒት የመጨረሻ መሆኑን የነገረን ሰው የለም። እህቴ የትርዒት ቀሚሷን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት አስቀመጠችው። «ይጠሩን ይሆናል» ትል ነበር። በመጨረሻ ቀዳ ለልጇ ሰፋችላት። ሳይሰናበት የቀረ ነገር ሰውን በር በሩን ሲያሳይ እንደሚያኖር የተማርኩት ከእሷ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ የሕክምና ተማሪ ሆኜ ነው። አዱኛ የሚባል የማኅበረሰብ የዳንስ ቲያትር ቡድን ነበር። አዱኛ ማለት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሀብት ነው፣ ዕድል ነው፣ ይህችው ዓለም ራሷ ናት። በዚህ ስም የተጠሩት ልጆች ግን ከጎዳናና ከደሃ ሰፈር የመጡ፣ ከዚህች ዓለም ድርሻቸው እምብዛም የነበሩ ናቸው።

የነገሩ መነሻ የእኛው ሙያ ነው። ዶክተር ካርሜላ አባተ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። መንታ የወለዱ ድሆች እናቶች ልጆቻቸው ምን ያህል እንደሚጎዱ አይተው እ.ኤ.አ. በ1983 ጄሚኒ ትረስት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። እኔም ዛሬ የሕፃናት ሐኪም ስለሆንኩ ነገሩን አውቀዋለሁ። መንታዎች ብዙ ጊዜ ሲወለዱም ትንንሽ ናቸው። እናቲቱ ሁለት ጡት አላት፤ ሁለት ሰውነት ግን የላትም። ለአንድ ልጅ ባልበቃ ምግብ ሁለት ማጥባት አለባት። ሥራው ከወተትና ከክትባት ተነሣ። ልጆቹ አደጉ፤ ጎረመሱ። ሚዛን ላይ አውጥቶ መመዘን ብቻውን የማይበቃበት ዕድሜ ላይ ደረሱ። አንድ ልጅ ከሞት ከተረፈ በኋላ ቀጥሎ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ካርዳችን ላይ ቦታ የለውም። እዚያ ግን ተጠየቀ። ለወጣቶቹ መጀመሪያ የቪዲዮ ሥልጠና መጣ፤ ከዚያ ዳንስ።

እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን በካርሚና ቡራና ሙዚቃ አሠለጠነ። ማልዱምን ምናልባት «ሪትም ኢዝ ኢት» በተባለው ፊልም የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ በርሊን ውስጥ 250 ልጆችን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ያስደነሰው እሱ ነው። ያ ግን ከእኛ ልጆች ብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባው ትርዒት በኋላ አሥራ ስምንት ወጣቶች ተመርጠው የአምስት ዓመት ሥልጠና ጀመሩ። አዱኛ የተባሉት እነሱ ናቸው።

አምስት ዓመት! እኛ ከዚያ እምብዛም ባልራቀ ጊዜ ሐኪም ተብለን ወጥተናል። ልጆቹ የተማሩት ደግሞ መደነስ ብቻ አልነበረም፤ ማስተማርንም ተማሩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከውጭ የመጡት መምህራን እንደሚሄዱ ታውቆ ነው የተሠራው። ሠልጣኙ ያወቀውን ይዞ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ሌሎች ልጆች እንዲመለስ። እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለበት ሰው አብረው የሚደንሱበትን መንገድ ይዞ መጣ። እሱ ካንዱኮ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። የአዱኛ ልጆችም ከአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጋር መሥራቱን ያዙት፤ «ፖቴንሺያልስ» የሚባል ቡድንም ከዚያ ወጣ።

እኔ አንድ ጊዜ ሲደንሱ አይቻለሁ። ያኔ አናቶሚን በቅርቡ የጨረስኩ፣ ጡንቻ ሁሉ መነሻና መድረሻው ቃል በቃል የሚታወቅልኝ ሰው ነበርኩ። መድረኩ ላይ የወጣው ልጅ በፖሊዮ የቀጠነ እግር ነበረው። እኛ ካርድ ላይ «ደካማ» ብለን ጽፈን የምናልፈውን እግር እሱ እንደ ልቡ ያዘዋል፤ ያጥፈዋል፣ ይስበዋል፣ በእጁ አንሥቶ ያሳርፈዋል። ክራንቹ ሦስተኛ እግሩ ሆኗል። አንዷ ልጅ ክብደቷን ጀርባው ላይ ስትጥል ትንፋሼን ያዝኩ፤ ይወድቃል ብዬ። አልወደቀም። ተሸከማት። አጠገቤ የነበረችው የባቼ ልጅ (እዚህ አለች፣ ስሟን አልጠራም) «እኛ የማይሠራውን ነው የምንቆጥረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ስመረምር መጀመሪያ የሚሠራውን እጽፋለሁ። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም።

አሁን ወደ ስንብት ልምጣ። አዱኛን ያቆሙት መምህራን ወደየአገራቸው ተመልሰዋል፤ ልጆቹም ሰዎች ሆነዋል። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 የሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ተመራጭ ሆኖ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠራ። እሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለ የራሳቸውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ በሳድለርስ ዌልስ መድረክ ቀረቡ። የአዱኛን የመሰናበቻ ትርዒት እኔ የማየው እዚህ ነው። ስንብቱ የተሠራው በአንድ ምሽት አይደለም፤ አምስቱን ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ «ነገ አንተ ታስተምራለህ» እየተባለ ነው። መምህሩ ሲሄድ የሚጎድለው አንድ ሰው ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

ይህን ሁሉ የማወራው የከፋውን ስንብት ስለማውቀው፣ እሱም በእጄ ስላለፈ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ክለብ ፉት፣ ማለትም እናቶች ቆልማማ እግር የሚሉትን በሚያክም ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሕክምናውን ታውቁታላችሁ። በየሳምንቱ ጄሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የጅማት ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ብሬሱ። ብሬሱ ሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎ ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ማታ ማታ። ጄሶው ሲፈታና እግሩ ቀጥ ብሎ ሲታይ እልል ይባላል፤ ፎቶ ይነሣል። ያ የእኛ ትርዒት ነው። እግሩን የሚያድነው ግን ከፎቶው በኋላ ያለው አራት ዓመት ነው። ልጁ ሲያድግ ብሬሱ ይጠበዋል፣ ይቀየርለታል፤ ካልተቀየረ እግሩ ይመለሳል።

ፕሮጀክቱ በጀቱ አለቀና ተዘጋ። የመዝጊያ ዝግጅት ነበረ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ እኔም የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። የልጆቹን ዝርዝር ግን ለማንም አላስረከብኩም። ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዓመት በኋላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ በእግሯ መጥታ አገኘችኝ። ቀኝ እግሩ ተመልሷል። አልተቆጣችም። «አንቱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁ፤ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት» አለችኝ። ልጁን እንደገና ከጄሶ ጀምረን አከምነው፤ ዛሬ ይሮጣል፣ አመስግኑልኝ። ሳይመጡ የቀሩትን ግን አላውቃቸውም። ለእነዚያ ነው ማታ ማታ እንቅልፍ የማጣው።

በሌላው ዓለም ጫፍ ደግሞ ይህን አውቆ የተሠራ ስንብት አለ። መርስ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የዘመናዊ ዳንስ ጠቢብ እ.ኤ.አ. በ2009 በ90 ዓመቱ ሲሞት ቡድኑ እንዴት እንደሚዘጋ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ሁለት ዓመት ዓለምን እየዞሩ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጨረሻውን ትርዒት አቅርበው ተበተኑ። ለደናሾቹ ወደ ሌላ ሥራ መሸጋገሪያ ታስቦላቸዋል። ዳንሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከነቪዲዮአቸው፣ ከነማስታወሻቸው፣ ከነመብራትና አልባሳት ዝርዝራቸው ተሰንደው ተቀመጡ፤ ሌላ ቡድን ወስዶ እንዲሠራቸው። ይህ ሌላ ምን መሰላችሁ? የእኛው የሪፈር ወረቀት ነው! በሽተኛው እንዲህ ነበር፣ ይህን ሰጠነው፣ ከዚህ ቀጥሉ። ልዩነቱ የእነሱ ጽሑፍ ይነበባል።

ስለዚህ ለሥራ አመራሩ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ይህ ጉዞ የመጨረሻ ከሆነ ለሰዉ ይነገር፤ እኛው ራሳችን፣ በአፋችን። ዛሬ ግፊታቸውን የለካንላቸው አዛውንት በሚመጣው መስከረም ድንኳኑን ሲፈልጉ አይዋሉ። ከእህቴ ሣጥን ይማሩልን።

ሁለተኛ፣ ነገ ድንኳኑን ከመንቀላችን በፊት መዝገቡን እናስረክብ። ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ቀጠሮ የሚያስፈልገው ሰው ስም ከነቀበሌው ለጤና ጣቢያው ይሰጥ። ዛሬ ማታ ስምንት ሆነን ብንቀመጥ እስከ እኩለ ሌሊት እንጨርሳለን። ቡና አለ። እኔ ተረኛ ነኝ፤ ማን ይጨመራል?

ሦስተኛ፣ ጉዞውን በአንድ ጊዜ አንቁረጠው፤ ሁለት መስከረም ይጨመርልን። በመጀመሪያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹና የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ከፊት ይቁሙ፣ እኛ ከኋላ። በሁለተኛው እነሱ ድንኳኑን ይያዙ፣ እኛ እንደማንኛውም ምእመን ዳገቱን እንውጣ። መሣሪያዎቹ እዚሁ ይቅሩ። መምህሮቻችንም በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንዳንድ ተማሪ ላኩልን፤ በሪፈር ብቻ የሚያውቁትን ሰው መንገዱ ላይ ይዩት። ሁለት ዓመት ብዙ ከሆነ አንድ ይሁን። ግን ዜሮ አይሁን።

ይህ አምባ ስለ ስንብት ያውቃል። በጥንት ዘመን ዙፋን እንዳይሻሙ የነገሥታት ልጆች ወደዚህ ይላኩ ነበር። ብዙዎቹ ሳይሰናበቱ ወጥተው እዚያው ቀሩ። ዛሬ ደግሞ ሰዉ ለበዓሉ ወጥቶ፣ ካህናቱ በጸናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ አይቶ፣ ተሳልሞ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ብዙው ሰው ዞር ብሎ አምባውን አንድ ጊዜ ያያል። ትናንት አንዲት አሮጊት እናት ጉልበታቸውን እያሸሁላቸው «ለምን ዞረው ያያሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የሄዱበትን ካላዩ መመለሻው ይጠፋል» አሉኝ።

ከእኛ መካከል ያለፉትን ጓደኞቻችንን ነፍስ ይማርልን። ያስተማራችሁንን ዕድሜ ይስጥልን። እኔም አሥር ደቂቃዬን አልፌአለሁ፤ መቼም አልተለወጥኩም። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስኪሪብቶ ያላችሁ ተከተሉኝ።

ቸር ያገናኘን።