ማመንና መረዳት፦ የሳይንስና የሃይማኖት ክርክር በመማሪያ ክፍል ውስጥ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ የፈተና ወረቀት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የሥነ ሕይወት ፈተና ሳርም፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ ማስረጃዎች ለቀረበ ጥያቄ አንድ ተማሪ የሰጠውን እጅግ የተሟላ መልስ አገኘሁ። የቅሪተ አካሉን፣ የአካላት አወቃቀርን ተመሳሳይነት፣ የዲ.ኤን.ኤውን ማስረጃ አንድ በአንድ አስቀምጧል። ከመልሱ ግርጌ ግን በትንንሽ ፊደላት «ይህን የጻፍኩት ለፈተናው ነው፤ እኔ አላምንበትም» የሚል ታክሎበታል። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ወረቀቱን መልሼለት ሳበቃ ግን ያቺ የግርጌ ዓረፍተ ነገር አልለቀቀችኝም። ለመሆኑ እንዲያምን የጠየቀው ማን ነው? እኔ አልጠየቅሁትም፤ ወይም እንዳልጠየቅሁት አስብ ነበር።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ሌሎች በፍርድ ቤት ጭምር ተከራክረውበታል። ቃለ ጉባኤው በእጃችን ስላለ በቅድሚያ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁና ወደ አገራችን እንመለሳለን። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር የምናገራቸው ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በመጋቢት 1925 የቴነሲ ክፍለ ግዛት በመጽሐፍ ቅዱስ የተነገረውን የሰው ልጅ አፈጣጠር የሚክድና ሰው ከበታች እንስሳት መጣ የሚል ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ በሕግ ከለከለ። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት ሕጉን በፍርድ ቤት ለመሞገት የሚፈቅድ መምህር እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስታወቀ። ዴይተን የምትባል ትንሽ ከተማ ሰዎች በአንድ መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው መከሩና ክርክሩ ከተማችንን ስመ ጥር ያደርጋታል ብለው ጆን ስኮፕስ የተባለውን የ24 ዓመት መምህር አስጠሩት። ስኮፕስ የስፖርት አሠልጣኝም ነበር፤ የተባለውን ምዕራፍ በእርግጥ ስለማስተማሩ እንኳ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። በሐምሌ ወር ችሎቱ ተካሄደ፣ በሬዲዮም ተላለፈ፤ መምህሩ ጥፋተኛ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። በ1927 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው፤ የሻረው ግን ከ50 ዶላር በላይ የሆነ መቀጮ በዳኛው ሳይሆን በዳኞች ጉባኤ መወሰን ነበረበት በሚል የሥነ ሥርዓት ምክንያት ነው። ሕጉ እስከ 1967 ድረስ ቆየ።

ይህን ታሪክ ብርሃን ከጨለማ ጋር እንደ ተዋጋበት ድራማ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ወደ መማሪያ መጽሐፉ እመራቸዋለሁ። ስኮፕስ የተከሰሰበት የጆርጅ ሃንተር መጽሐፍ በ1914 የታተመ ሲሆን ክፍለ ግዛቱ ራሱ ለትምህርት ቤቶቹ ያጸደቀው ነበር። በአንድ እጅ ትእዛዝ፣ በሌላው እጅ ክልከላ ማለት ነው። ከዚያም የባሰ አለ። መጽሐፉ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፍሎ ነጮችን ከሁሉ የላቁ ብሎ ያስቀምጣል፤ «ደካማ» የሚላቸው ሰዎች እንዳይዋለዱ ማድረግንም ይደግፋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ሁላችን በዚያ ገጽ መሠረት የት እንደምንመደብ መገመት አያዳግትም። ከሳሹን ወገን የወከለው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን «ብርቱው ደካማውን ይዋጥ» የሚል ፍልስፍና ከዚህ ትምህርት ይወለዳል ብሎ ይሰጋ ነበር። ስለ ሥነ ሕይወቱ ተሳስቷል፤ ስጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ሳይንስን የምናስተምር ሰዎች ይህን ስንዘለው ከሐቀኝነት እንጎድላለን። ያ የዘር ደረጃ የወደቀው ግን በክልከላ ሕግ አይደለም፤ ማስረጃ ስላልቆመለት፣ በኋላም የዘረመል ጥናት ስላፈረሰው ነው።

ከስኮፕስ ችሎት ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2004፣ በፔንስልቬንያ የዶቨር ከተማ የትምህርት ቦርድ ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። በዚህ ጊዜ ዝግመተ ለውጥን አልከለከለም፤ እንዲያ ማድረግ በሕግ አይቻልም ነበር። ያዘዘው ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አጭር መግለጫ እንዲነበብላቸው ብቻ ነው። መግለጫው የዳርዊን ሐሳብ ንድፈ ሐሳብ እንጂ እውነታ አይደለም፣ ክፍተቶችም አሉበት ይልና «የአስተዋይ ንድፍ» የሚባለውን አስተሳሰብ ማወቅ ለሚሹ በቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠ መጽሐፍ ይጠቁማል። ሕይወት ካለ አስተዋይ ነዳፊ ሊገኝ አይችልም የሚል፣ ነዳፊው ማን እንደሆነ ግን የማይናገር አስተሳሰብ ነው።

የሳይንስ መምህራኑ መግለጫውን አናነብም አሉ። በጥር 2005 የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ክፍል ገብተው አነበቡት። አሥራ አንድ ወላጆች ከሰሱ። እነዚህን ወላጆች ከሃዲ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ከመካከላቸው በቤተ ክርስቲያን የልጆች ትምህርት የሚመሩ ነበሩ። ለከሳሾች በመጀመሪያ የመሰከረው ኬኔት ሚለር የሥነ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍ ደራሲና ካቶሊክ ነው፤ ጆን ሃውት ደግሞ የካቶሊክ ሥነ መለኮት ሊቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ችሎት የቆሙት እምነታቸውን ጥለው አልነበረም።

በችሎቱ ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ የሚደንቀኝ የአርትዖት ማስረጃ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 «የፍጥረት ሳይንስ» የተባለውን ትምህርት በግዴታ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ነበር። የፍልስፍና ምሁሯ ባርባራ ፎረስት በቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠውን መጽሐፍ የቀድሞ ረቂቆች ከዚያ ውሳኔ በፊትና በኋላ አስተያየች። «ፍጥረት» ይል የነበረው በየቦታው «ንድፍ» በሚል ተተክቷል፤ የቀረው ዓረፍተ ነገር ግን ያው ነው። እንዲያውም በአንድ ቦታ ተኪው እጅ ስቶ የአሮጌው ቃል ፊደላት ከአዲሱ ቃል ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። የእጅ ጽሑፍ የሚመረምሩ ባልደረቦቻችን ቅጂ ከቅጂ የሚያዛምዱት በእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት እንደሆነ ያውቃሉ።

ዳኛው ጆን ጆንስ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተሾሙ ነበሩ። በታኅሣሥ 20 ቀን 2005 በሰጡት 139 ገጽ ውሳኔ አስተሳሰቡ ሳይንስ እንዳልሆነና በሳይንስ ክፍል ማቅረቡ ሃይማኖትን ማራመድ እንደሆነ ፈረዱ። ነዳፊ የለም ብለው ግን አልፈረዱም። እንዲህ ያለውን ነገር ለመፍረድ ፍርድ ቤትም፣ ላቦራቶሪም፣ የሥነ ሕይወት መምህርም ሥልጣን የላቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የዶቨር መግለጫ ያረፈው «ንድፈ ሐሳብ እንጂ እውነታ አይደለም» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ይህች ሐረግ በአማርኛ ከእንግሊዝኛውም ይልቅ ትበረታለች። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሄደ ሰው ሁሉ «ቲዎሪ» ማለት መኪናው ሳይነካ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚማሩት መሆኑን ያውቃል። «ይሄ ቲዎሪ ነው» ስንል መሬት ያልነካ ወሬ ነው ማለታችን ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ ብዙ የተመረመሩ እውነታዎችን አስተሳስሮ የሚያብራራ፣ ገና ያልታየውንም የሚተነብይ ማዕቀፍ ነው። ገና ያልተፈተነው መላምት ይባላል። በሽታ በተሕዋስያን ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ብሎ እጁን መታጠብ የተወ ሐኪም አላየሁም።

ሁለተኛው የቃል ችግር «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል ነው። ተማሪው ይህን ሲሰማ ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ ዝንጀሮ ያስብና ይስቃል። መሳቁ ትክክል ነው፤ ዝግመተ ለውጥም እንዲህ አይልም። ጭላዳ እንደኛው የዛሬ ፍጡር ነው፤ የጋራ ቅድመ አያታችን እሱንም እኛንም አይመስልም ነበር። አማርኛችን ቺምፓንዚንና ጎሪላን አንድ ላይ የሚጠራበት የራሱ የሆነ የተለመደ ቃል የለውም። ስለዚህ የሌለውን ቃል በዝንጀሮ ሞላነው፤ ያልተባለውን ነገር ይዘን ስንጣላ ኖርን።

ሦስተኛው ምክንያት ከቃል ይከብዳል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበርኩት በደርግ ዘመን ነው። በአንዱ ክፍለ ጊዜ ስለ ዳርዊን እንማራለን፤ በሌላው የፖለቲካ ትምህርት መምህራችን ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ መሆኑን ያስረዳናል። በአእምሯችን ውስጥ ሁለቱ አንድ ጥቅል ሆኑ። ማታ ቤት ስንገባ ጥቅሉን ደጅ አስቀምጠነው እንገባ ነበር፤ ጠዋት እንደገና አንሥተነው እንሄዳለን። የግርጌዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ተማሪ ያን ዘመን አያውቀውም፤ ጥቅሉ ግን ከወላጆቹ ተላልፎለት ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ሲደነግግ እኔ የማነበው በዚህ ትዝታ ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ እንዳይሰብክ ይከለክለዋል፤ እግዚአብሔር የለም ብሎ እንዳይሰብክም ጭምር።

ዛሬ የማየው አደጋ ግን ስብከት ሳይሆን ዝምታ ነው። የማሠለጥናቸው መምህራን ሲያጫውቱኝ ምዕራፉን «ጊዜ አጠረን» ብለው የሚዘሉት፣ ወይም «ለፈተና ብቻ ያዙት» ብለው የሚያልፉት ጥቂት አይደሉም። አልፈርድባቸውም። መምህሩ ራሱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ የሚሄድ ሰው ነው፤ የወላጆቹ ዓይን አለበት። ነገር ግን የተዘለለው ምዕራፍ ዕዳው ለገበሬው ይተርፋል። በ2013ና በ2014 በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ መታው። ዲጋሉ ለቢጫ ዋግ የሚቋቋም ተብሎ በሰፊው የተዘራ ነበር፤ ነገር ግን ሊቋቋመው የማይችል የግንድ ዋግ ዘር መጣበት። ዋግ የሚባለው ፈንገስ ይለዋወጣል፤ አንድ ዓይነት ስንዴ በሰፊው በተዘራበት ያን ስንዴ ማጥቃት የሚችለው ይበዛል። ይህ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ ነው። የወባ መድኃኒታችንም እንዲሁ ከክሎሮኪን ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም የተቀየረው ጥገኛው ተሕዋስ መድኃኒቱን እየተላመደ ስለሄደ ነው። ነገ የእርሻ ባለሙያ ወይም ጤና መኮንን የሚሆን ልጅ ይህን «ለፈተና ብቻ» ሊይዘው አይገባም።

ታዲያ ዋግን የሚቀበል ተማሪ ድንቅነሽ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ላይ የተገኘች ናት፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በየዘመን መለወጫው ደግሞ ሊቃውንት ባሕረ ሐሳቡን ሲያወጡ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ብለው ይቆጥራሉ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ይገናኛሉ። «ግጭት የለም» ብዬ ላባብላችሁ አልፈልግም። ሁለቱን እንደ አንድ ዓይነት ቁጥር ለሚያነብ ሰው ግጭት አለ። የሚታረቁበትን መንገድ ማፈላለግ የሊቃውንቱ፣ የቤተሰቡና የተማሪው የራሱ ሥራ ነው፤ ለአንድ ቃል በ«አንድም» ብዙ ፍች ሲያወጣ የኖረ የትርጓሜ ባህል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ድካም እንግዳ አይመስለኝም። የእኔ ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማሳየት። የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ወደ አርጎን የሚለወጥበት ፍጥነት፣ ልኬቱ፣ የልኬቱ ስሕተት ወሰን። ተማሪው ይህን ከተረዳ በኋላ የሚያምነውን ያምናል። የእኔ ፈተና መረዳቱን እንጂ ሌላውን አይለካም።

ያን ተማሪ በኋላ ቢሮዬ ጠርቼ አነጋገርኩት። ሊቆጣኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። የፈተናውን ጥያቄ እንደገና እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ጥያቄው «ዝግመተ ለውጥ እውነት መሆኑን በማስረጃ አረጋግጥ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃለ መሐላ አስፈጽሜው ኖሯል! በሚቀጥለው ዓመት ፈተና ላይ ጥያቄውን ቀየርኩት፤ «የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሕያዋን ፍጥረታት የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ከሚለው ድምዳሜ ላይ የደረሱት በምን ማስረጃ ነው? ከማስረጃዎቹ መካከል ደካማው የትኛው ይመስልሃል፣ ለምን?» የመጡት መልሶች ረዘሙ። ለማረምም አስቸገሩ። ሁለተኛውን ክፍል ደኅና አድርገው ከመለሱት መካከል ጠንካራ አማኞች መሆናቸውን የማውቃቸው ተማሪዎች ይገኙበታል፤ ደካማ ጎን ለመፈለግ ሲሉ ማስረጃውን ከሌሎቹ ይበልጥ በጥንቃቄ አንብበውት ነበር።

 ጥያቄ ካላችሁ ወደዚያው እንለፍ።