ለእናቴ የገዛሁት ማንበቢያ
ባለቀለም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ስለ መምረጥና ስለ አጠቃቀሙ

በማኅበራችን የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ በሐይፋ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



በስብሰባው ላይ የነበራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ንግግሬን የጀመርኩት አንድ ዕቃ ከቦርሳዬ አውጥቼ በማሳየት ነበር። ያልነበራችሁ ደግሞ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ውፍረቱ ከስልክ የማይበልጥ፣ ስፋቱ አንዲት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ የሚያህል ሰሌዳ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ማስነበብ። እዚህ አገር ሱቅ ገብታችሁ ስትጠይቁ «ቆሬ ስፋሪም ኤሌክትሮኒ» በሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ማንበቢያ» እለዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ከእኩዮቿ መካከል ፊደል ለመቁጠር ከታደሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ከለበስነው ልብስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልያዝንም፤ መጽሐፍማ ከየት ይመጣል። እዚህ ከደረስን በኋላ ኡልፓን ገባች፤ ዕብራይስጡን ለገበያና ለሐኪም ቤት የሚበቃትን ያህል ያዘች፤ ንባቡ ግን አልገፋላትም። አማርኛውን ግን አልተወችም። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ ከቡናና ከበርበሬ ጋር አንድ መጽሐፍ እንዲያመጣላት ታዝዝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይኗ ደከመ፤ የሞራ ቀዶ ጥገናም ተደረገላት። የመጻሕፍቱ ፊደል ግን እንደ ቀድሞው አልታይሽ አላት። «ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ» አለችና መጽሐፏን ዘግታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ቋንቋውን በደንብ የማትሰማውን ቴሌቪዥን ስታይ ትውላለች። ይህን ማየት ለእኔ ከባድ ሆነብኝ። በየቤታችሁ እንዲህ ያለች እናት ወይም እንዲህ ያለ አባት እንዳለ ስለማውቅ ነው ጉዳዩን ወደ መድረክ ያመጣሁት።

ከወንድሞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ማንበቢያ ገዛን። ሻጩን «አማርኛ ያነባል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ኤይን ብዓያ፣ ሁሉንም ቋንቋ ያነባል» አለኝ። አምኜው ወሰድኩት። ቤት ገብተን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብንከፍት በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ መጣ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ! እናቴ አገላብጣ አየችውና «ይኼ ደግሞ ምንድነው፣ መስኮት ነው?» አለችኝ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ስንዘናጋ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ጽሑፍ ይዤ ሄጄ እዚያው ቆሜ መፈተን ነበረብኝ።

እንግዲህ ሳጥኑ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይታይም፤ መሣሪያው ውስጥ የፊደሉ ሥዕል፣ ማለትም ፎንት፣ መኖር አለበት። ፎንቱ ከሌለ መሣሪያው «እዚህ ቦታ አንድ ፊደል አለ፤ መልኩን ግን አላውቀውም» ለማለት ሳጥን ያስቀምጣል። ስለዚህ ሳጥን ስታዩ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፎንቱ በነጻ ይገኛል። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ከጉግል፣ አቢሲኒካ የሚባለው ደግሞ ኤስ.አይ.ኤል. ከተባለው ድርጅት የሚታደሉ ናቸው፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ለእናቴ ዓይን የተስማማው አቢሲኒካ ነው። በኮቦም ሆነ በኪንድል ላይ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ታገናኛላችሁ፤ በውስጡ በላቲን ፊደል «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ትፈልጋላችሁ፣ ከሌለም ትፈጥራላችሁ፤ ፎንቱን እዚያ ትገለብጣላችሁ፤ ገመዱን ትነቅላላችሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ የፊደል ምርጫው ውስጥ ስሙን ትነካላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለመግዛት ስትሄዱ ታዲያ ልትጠይቁ የሚገባችሁ «አማርኛ ያነባል ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «የራሴን ፎንት እንድጨምርበት ይፈቅዳል ወይ?» ብላችሁ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ እርሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ባለቀለም ማንበቢያዎች ገበያውን ሞልተውታል። በ2024 ብቻ ኮቦ ክላራ ከለርና ሊብራ ከለር፣ ፖኬትቡክ ኤራ ከለር፣ ቡክስ ጎ ከለር፣ በዓመቱ መጨረሻም ኪንድል ከለርሶፍት ወጡ። ማስታወቂያው ላይ ቀለሙ እንደ ስልክ ያንጸባርቃል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም።

የእነዚህ ማንበቢያዎች ገጽ ኤሌክትሮኒክ ቀለም ይባላል። በገጹ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ብናኝ አለ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል። ገጹ አንዴ ከተጻፈ እስኪገለጥ ድረስ ኃይል አይበላም። ባትሪው ለሳምንታት የሚቆየውም ስለዚህ ነው። በአብዛኞቹ ባለቀለም ማንበቢያዎች ላይ የተደረገው እንግዲህ በዚሁ በጥቁርና በነጩ ገጽ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ መጨመር ነው። ማጣሪያው ብርሃን ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ የባለቀለሙ ገጽ መደብ ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነው ይልቅ ደብዘዝና ግራጫ ይላል። ደግሞም ጥቁር ጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሆን፣ ባለቀለም የሆነው ግን 150 ነጥብ ብቻ ነው፤ ማለት በቀይ የተጻፈ ደቃቅ ፊደል በጥቁር እንደተጻፈው ጥርት አይልም።

ይህን ስሰማ ቀለሙን ልተወው ነበር። ለሽማግሌ ዓይን ደብዛዛ ገጽ ምን ይጠቅማል? ፀሐይ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስልክ በፀሐይ ሲጠፋ ይህ እንደ ወረቀት ይበልጥ ይበራል። የእናቴ መቀመጫ ደግሞ ባሕሩን የሚያየው ሚርፔሴታችን ነው፤ ሐይፋ ውስጥ ፀሐይ መቼ ጠፍቶ! ቤት ውስጥና ማታ ግን የማንበቢያውን የራሱን መብራት ማብራት ግድ ነው፤ ባለቀለሙ ጥቁርና ነጩ ከሚፈልገው የበለጠ መብራት ይፈልጋል። መብራቱን ወደ ቢጫ ማዘንበል ይቻላል፤ ለዓይን ይለዝባል።

ምክሬ ይህ ነው። ልብ ወለድና ታሪክ ብቻ ለሚያነብ ለአንድ አዛውንት የምትገዙ ከሆነ ጥቁርና ነጩን ግዙ፤ ዋጋውም ይረክሳል፣ ገጹም ይጠራል። እኔ ግን ባለቀለሙን ሊብራ ከለርን ገዛሁ። ገጹ 7 ኢንች ነው፤ ገጽ መግለጫው የሚጫኑት ቁልፍ መሆኑም ለሚንቀጠቀጥ ጣት ይመቻል። ባለቀለሙን የመረጥኩት ለእናቴ ብቻ ሳይሆን ለእህቴ ልጅ ጭምር አስቤ ነው።

ልጅቱ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች። አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደሉን ግን አታውቅም። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን መጽሐፍ ማንበብ አትችልም። በመምህራን ኮሌጅ የተማርኩት ትምህርት ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ይሆናል ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን የፊደል ቤቶች በሰባት ቀለም ጽፌ ጫንኩላት፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ቀስተ ደመና ይመስል ነበር፤ ማንበቢያው ላይ ግን ቢጫው ጠፋ፣ ብርቱካኑና ቀዩ ተደበላለቁ። ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው የሚለዩት። አሁን ሳድሱን በሰማያዊ፣ ቀሪውን በጥቁር እጽፍላታለሁ፤ ሁልጊዜ የምትሳሳተው በሳድሱ ነውና።

የተሳካልን በሥዕል መጻሕፍቱ ነው። ስቶሪ ዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባሉት የልጆች መጻሕፍት ማከማቻዎች በአማርኛ የተጻፉ ባለሥዕል ተረቶችን በነጻ ይሰጣሉ። እናቴ ታነባለች፣ ልጅቱ በጣቷ ትከተላለች። ማንበቢያው ጽሑፍ ላይ በአራት ቀለም ማስመር ያስችላል፤ ልጅቱ ያላወቀችውን ቃል በቢጫ ታሰምራለች፣ ስታውቀው ወደ አረንጓዴ ትለውጠዋለች። አንድ ቀን «ሴትዮዋ አኮረፈች» የሚል አገኙ። «ማኩረፍ ምንድነው?» ብትላት እናቴ ፊቷን አዙራ፣ ከንፈሯን ጥላ ዝም አለች። ያ ቃል በዚያው ቀን አረንጓዴ ሆነ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በእጅ በእጅ የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ገጻቸው ፎቶግራፍ ተነስቶ ፒ.ዲ.ኤፍ. የሆኑ ናቸው። ፎቶግራፍ ስለሆኑ ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማሳደግ አይቻልም፤ ገጹን ስታሳድጉት ግማሹ ከመስኮቱ ይወጣል። ለዓይነ ደካማ ሰው ይህ ከወረቀቱ የባሰ ነው። ቢቻል ኢፐብ የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ፤ በእርሱ ፊደሉ እንደልብ ያድጋል፣ መስመሩም ራሱን ያስተካክላል። ፎቶግራፉ ብቻ ከተገኘ 10 ኢንች የሚሆን ማንበቢያ ያስፈልጋል። ወረቀቱ የወየበ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ በባለቀለሙ ማንበቢያ ላይ ቡናማው መደብ ይበልጥ ያጨልመዋል፤ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጣችሁ ጫኑት።

የግዕዝ ብራና ግን ከዚህ ይለያል። ከቄሶቻችን አንዱ ስብሰባው ላይ ተነስተው «ቀዩ ቀለም ይታያል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የሚገባቸው ለሚያውቁት ነው፤ በብራና መጻሕፍት የምዕራፉ መነሻ በቀይ ይጻፋል፣ ዓይንም መንገዱን የሚያገኘው በእርሱ ነው። በጥቁርና ነጭ ማንበቢያ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ይሰወራል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ካስነሳቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች የአንዱን ገጽ ከፍቼ አሳየኋቸው። ቀዩ ይታያል፤ ገጹ ግን ለ7 ኢንች ጠበበ። «ይታያል፣ ግን ዓይን ይፈጃል» አሉ። ትክክል ናቸው።

ዕብራይስጥ ለሚያነቡ ልጆቻችሁ የምትገዙ ከሆነ መጽሐፉን ከየት እንደምትገዙ አስቀድማችሁ አስቡ። ኤቭሪት ከሚባለው መደብር የሚገዛ መጽሐፍ በራሱ አፕሊኬሽን ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ እንደ ቡክስ ያለ አንድሮይድ ያለው ማንበቢያ ይሻላል። የውጭ አገር ዋጋ አይታችሁም አትቸኩሉ፤ ሊብራ ከለር ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 220 ዶላር ያህል ነበር፤ እዚህ ማጓጓዣውና 18 በመቶው ማዓም ይደረብበታል።

ስለ ሰንበት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እናቴ ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ማንበቢያውን መሳቢያ ውስጥ ታስገባለች፤ ቅዳሜ ሲመሽ ታወጣዋለች። የወረቀት መጽሐፍ ከቤታችን አልወጣም፣ አይወጣምም። በሰኔ 2025 ሌሊት ሌሊት ሳይረን እየጮኸ ወደ መጠለያ ስንወርድ ግን ከመድኃኒቷ ቀጥሎ የምትይዘው ይህንኑ ነበር። የራሱ መብራት አለው፣ ባትሪውም አያሳስብም። አጠገቧ የተቀመጡ ጎረቤታችን ወይዘሮ «ምን ይላል? ለእኛም አንብቢልን» አሉ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

ባለፈው ወር ደግሞ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በዚህ መጽሔት የወጡ ጽሑፎችን ልጫንላት ብዬ የማኅበራችንን አሮጌ ዲስኬቶች አስከፈትኩ። የወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ነው። በዚያ ዘመን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገና ስላልገባ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው፤ ፕሮግራሙ ከሌለ ጽሑፉ አይከፈትም። ስለዚህ የሚቀረን ወረቀቱ ነው። ከ1990ዎቹ እትሞች በሳጥናችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ሐሙስ ማታ ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶግራፍ አንስተን ወዲያው እንመልስላችኋለን፤ ሦስት ወጣቶችም እንደገና ሊተይቡት ተስማምተዋል። ማንበቢያ የገዛችሁ ደግሞ ገመዱን አትርሱ፤ ፎንቱን እኔ እጭንላችኋለሁ።