ለታመመ ቤት ማን ይሄዳል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ያለነው በመጻጉዕ ሳምንት ነው። 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር የተኛውን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚያስገርመኝ የዓመቱ ብዛት አይደለም። ጌታ ሲጠይቀው የመለሰው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ስለማጣቱ ነው። ውኃው አጠገቡ ነበር፤ የጎደለው ሰው ነው።

በእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቤቱ ሰው አያጣም። ለአራስ ገንፎ ይዘን እንሄዳለን። አእምሮው የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን በሩ ይዘጋል። ቤተሰቡ ያፍራል፤ እኛም «ምን ብለን እንሂድ?» እንላለን። አንዱ መተት ነው ይላል፣ ሌላው ለክፎት ነው ይላል፣ ሌላው ጸሎት ስላቃለለ ነው ይላል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያናድደኛል። ነቢዩ ኤልያስ ያን ሁሉ ተአምር ካደረገ በኋላ በረሃ ገብቶ ሞቱን ለምኖ የለም ወይ? የተላከለት መልአክ እምነት የለህም ብሎ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ደግሞ ቀስቅሶ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከመካከላችን አንዷ እናት እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን አልጠራም። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማ ጀመር። ምግቡ ተመርዟል ብሎ እንጀራ እምቢ አለ። ሐኪም ቤት ወስዳው መድኃኒት ጀመረ፤ ከዚያ ጸበል ይዛው ገባች። እዚያ አብሯቸው የሚጠመቅ አንድ ሰው «ጸበልና ኪኒን አይገናኝም» አላት። መድኃኒቱ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ መውጣት ጀመረ። የመለሱላት የንስሐ አባቷ ናቸው። «ኪኒኑን በጸበሉ ይዋጠው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» አሏት። የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆዱ እንዳይውጥም ከጾሙ ፈቱት።

ይህ የእኚህ አባት ብቻ አሳብ አይደለም። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለጸበል ብለው መድኃኒት ይተዉ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ሆነ ለሚጥል በሽታ ነገሩ ያው ነው። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ሐኪም ሳያውቅ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ በሽታውን አብሶ ይመልሰዋል።

ሐኪም ቤት ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ አያለሁ። አማኑኤል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት የሆነውን ስም! ዛሬ ሌሎች ሆስፒታሎችና አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ያክማሉ።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ልጇ አሁን ተሽሎታል፤ ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም። እሷ ግን ደከመች። ልጇን ትታ መውጣት ስለማትችል የጉሊት ደንበኞቿ ሄዱ። «ምን እናድርግልሽ?» ስላት ገንዘብ አልጠየቀችኝም። አንድ እሑድ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ባገኝ ሄጄ አስቀድስ ነበር አለችኝ። አንድ እሑድ ብቻ!

ስለዚህ ተራ እንግባ እላለሁ። ሁለት ሁለት ሆነን፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን። የሚሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብለን አንከራከረው፤ እሱ ይሰማዋል። በፊቱ አናንሾካሹክ። ቡና እናፍላ፣ አብረን እንብላ፤ ጸሎት ከፈለገ አብረን እንጸልይ፣ ካልፈለገ ለራሳችን በልባችን እንጸልይ። ሙስሊም እህቶቻችንም በየቤታቸው ልማድ እንደዚሁ ያድርጉ። መታሰር ያለ ቤት ስንደርስ ቤተሰቡን አንስደብ፤ ያሰራቸው ጭካኔ ሳይሆን ብቸኝነት ነው፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ አብረናቸው እንሂድ።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። መኖር ሰለቸኝ የምትል ሴት ካገኛችሁ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልላታል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት፤ የተባይ መርዝም መድኃኒትም ከአጠገቧ አርቁ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

የምትደግፉን ወገኖች፣ የምንለምናችሁ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚሆን ነው። ልብስ አለን። የእናቶቻችን ጭንቀት ግን ኪኒኑ ባለቀ ቁጥር ለሚቀጥለው ወር ከየት እናመጣለን የሚለው ነው።

ተራ የምትገባ እህት ዛሬ ሳትወጣ ለጸሐፊያችን ስሟን ታስመዝግብ። የመጀመሪያው እሑድ የእኔ ነው፤ ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ።