ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ

እህቶቼ፣ እሁዳችሁን ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ እንደምትወጡ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ኮንትራት እንዳወራ ነበር የተጠየቅሁት። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እህት መጥታ «ሰዎቼ ወደ አገራቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ነው፣ እኔስ?» አለችኝ። የራሴ ነገር መጣብኝ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

እዚሁ ፋናር፣ ከዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ አለፍ ብሎ ዳገቱ ላይ፣ ለአንድ የፈረንጅ ቤተሰብ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሚስተር መሥሪያ ቤቱ ልኮት የመጣ ነበር። ደግ ሰዎች ነበሩ። የራሴ ክፍል ነበረኝ፣ እሁድ እወጣለሁ፣ ስልኬን የሚነካብኝ የለም። ትንሿን ልጅ ከአራስነቷ ጀምሮ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። አፏን የፈታችው «ውሃ» ብላ ነው፤ እናቷ ትስቅ ነበር።

በ2020 ኮሮና መጣ። ኤርፖርቱ ማርች 18 ይዘጋል ተባለ። ማዳም ማታ ነገረችኝ፣ በማግስቱ ሄዱ። ሻንጣውን ሌሊቱን ሙሉ አብሬያት አሰርሁ። «አንድ ወር ነው፣ ቢበዛ ሁለት» አለችኝ። አልዋሸችኝም፤ እሷም እንደዚያ ነበር የመሰላት። የሁለት ወር ደመወዝ በሊራ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ የቤቱን ቁልፍና የድመቷን ምግብም አስረከበችኝ። ልጅቷ መኪናው ውስጥ ሆና አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ ትመታለች። የምገባ መስሏት ነው።

ፓስፖርቴ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን ነው። የሁላችንንም ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። በጥድፊያ ቦርሳው እንዳለ ተነሣ። ፓስፖርቴ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሄደ፣ እኔ ፋናር ቀረሁ። አሁን ስናገረው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው ያለቀስሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር በበጋው ከ8,000 አለፈ። ደመወዜ የዳቦና የስልክ ካርድ ሆነ፤ ለእናቴ የምልከው ጠፋ። ጁን ላይ መሥሪያ ቤቱ ኪራዩን አቋረጠና ባለቤቱ ቁልፉን ሊወስድ መጣ። ኢቃማዬ ሊያልቅ ነው። ከፊሌ ሚስተር ነው፤ ሌላ ሰው ጋ እንድዛወር ካቲብ አድል ፊት ቀርቦ ታናዙል መፈረም ነበረበት። እሱ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፤ ኤርፖርቱ እስከ ጁላይ 1 ዝግ ነበር። ድመቷን ለጎረቤት ሰጥቼ ዶራ አምስት ሆነን በምንተኛበት ክፍል ገባሁ። ኦገስት 4 ወደቡ ሲፈነዳ መስኮታችን በላያችን ረገፈ።

ከእኔ የባሰባቸው ነበሩ። በዚያው ጁን አሠሪዎቻቸው በመኪና እያመጡ ሐዝሚየ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸውን እህቶች ታስታውሳላችሁ፤ ከሻንጣቸው ጋር አስፋልት ላይ ነበር የሚያድሩት። የእነሱ አሠሪዎች ክፉ ነበሩ፣ የእኔዎቹ ደግ ነበሩ እንል ይሆናል። ግን ሁላችንም ያለ ወረቀት ነው የቀረነው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። ያለን ኮንትራቱ ነው። የመመለሻ ትኬት በአሠሪው ላይ እንደሆነ ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር።

የኔ ጥፋት የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ሻንጣ ሳስር «ፓስፖርቴስ? ታናዙልስ?» ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አፈርሁ። ሰዎቹ ተጨንቀዋል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ስለ ራሴ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ። ኤርፖርቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ካቲብ አድል ዘንድ ለመሄድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማዳም እሺ ትል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ሰዎችሽ «እንሄዳለን» ሲሉሽ፣ በዚያችው ሰዓት ፓስፖርትሽን በእጅሽ አድርጊ። ኢቃማውንና ኮንትራቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት ሰው ላኪ። የቀረሽን ደመወዝ ከመኪናው በፊት ተቀበይ። መቅረት ከፈለግሽ ታናዙሉን ሳይፈርሙ አይሂዱ፤ መሄድ ከፈለግሽ ትኬቱን ይቁረጡልሽ። ፓስፖርቱ ከጠፋ ቆንስላው ሊሴ ፓሴ ይሰጣል፤ እሱ ግን ለመመለሻ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ስለ ልጅቷም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችሁ ስለ እሱ አትናገሩምና። የሰው ልጅ ናት፣ ምን ያስለቅሰኛል ትላላችሁ። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ የእሷ ድምፅ ነበር። ይህንን ለማንም ሳልናገር አንድ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ፓስፖርቴ ሴፕቴምበር ላይ በሰው እጅ ሲመለስ፣ ውስጡ የእሷ ሥዕል ነበረ፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ድመት።

በሉ ቡናው ቀርቧል። ያቺ ባለፈው ሳምንት የጠየቀችኝ እህት ኮንትራቷን ይዛ መጥታለች፤ ከእሷ እንጀምራለን። ሌሎቻችሁም ወረቀት ከያዛችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ።