ጎንደር ነው ብዬ የሰጠሁት ጨርቅ

(በምሩቃን የዳግም መገናኛ በዓል ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሐኪም ቤት ውጭ ያለ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ጠዋት በቂ ሰምተናል፤ ግማሾቻችን ሰምተን ስናበቃ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምረናል። እኔ የማወራው ስለ ጨርቅ ነው። ከምሳ በኋላ ስለሆነ የሚያንቀላፋ ቢኖር አልቀየምም፤ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ከርዕሱ ጋር ይሄዳል።

የ1991 ዓ.ም. ተመራቂ ነኝ፣ ነርስ። አሁን ቶሮንቶ ነው የምኖረው፤ የምሠራውም በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ክፍል አለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሴቶች ተሰብስበው ክዊልት ይሰፉባታል። ክዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ በመልክ በመልኩ ይገጣጠምና ከሥሩ ገበር ይደረግለታል፣ በመሐሉ ጥጥ ወይም ሱፍ ይገባል፣ ከዚያ ሦስቱ ድርብ በአንድ ላይ በመርፌ ይወጋል። ብርድ ልብስ ነው። ለእናቴ በስልክ ይህንኑ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ካናዳ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር ሰው የሚያፍርበትን ነገር እነሱ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።

ሴቶቹ አንድ ልማድ አላቸው። በዓመት አንዴ እያንዳንዷ ከተወለደችበት አገር የመጣ ጨርቅ እየቆረጠች፣ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለሁሉም ታድላለች። የህንዷ የራጃስታን ጥጥ፣ የስኮትላንዷ የበግ ሱፍ፣ የጋናዋ ኬንቴ ይዘው መጡ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ነጠላ ቆርጬ ወሰድኩ። ጠርዙ ላይ ደስ የሚል አረንጓዴና ቀይ ጥለት አለው። «ይህ የጎንደር ነው፤ ነገሥታት የኖሩበት ከተማ» ብዬ ትንሽ ንግግርም አደረግሁ፤ ፋሲልን፣ ምንትዋብን፣ ሁሉንም ጠራሁ።

ከመካከላቸው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት አሉ። አንድ ክር መዘዙና በጣታቸው አሹት፤ ከዚያ በጉጠት ይዘው ከውኃ ሳህን በላይ ክብሪት ለኮሱበት። ክሩ ተኮማትሮ፣ ቀልጦ፣ ጥቁር ዶቃ ሆነ። እኒህ ሴት ክፉ አይደሉም፤ ምንም አላሉም። ዶቃዋን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ላስቲክ ነው ያደልኩት። ፋብሪካ ያመረተው፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ ሰው ሠራሽ ጨርቅ።

ላብራቶሪ የምትወዱ ካላችሁ ምርመራው ይኼው፦ የጥጥ ክር ሲቃጠል የወረቀት ጭስ ይሸታል፣ የሚተወውም ለስላሳ አመድ ነው። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙም እንደ ጠጠር ይደርቃሉ። በየቤታችሁ የሀገር ልብስ ብላችሁ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት አንድ ክር መዝዛችሁ ሞክሩት። አንዳንዶቻችሁ እንደኔ ታዝናላችሁ።

ያን ዕለት ማታ አንዲት አይሁዳዊት ጓደኛችን ልታጽናናኝ ከቤቷ የትራስ ልብስ ይዛልኝ መጣች። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎጆ ቤት፣ በሬ፣ ውኃ የተሸከመች ሴት ተጠልፈውበታል። የተሠራው እዚሁ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች በግቢያቸው ጥልፍ እየጠለፉ ለአሜሪካ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ እሷም ያኔ የገዛችው ነው። እኔ እዚህ ስማር በዚያ ግቢ አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ! አንድም ቀን ገብቼ ምን ትሠራላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። እውነተኛውን የጎንደር ሥራ ከእኔ ቀድማ እሷ ዘንድ አገኘሁት።

ለእናቴ ደውዬ የቀለጠውን ክር ነገርኳት። አልሳቀችም። «ስትገዢው ማን ፈተለው ብለሽ ጠይቀሻል?» አለችኝ።

አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? ቀለሙን እናያለን፣ ዋጋውን እንከራከራለን፣ በቃ።

ትንሽ ወደ ታሪክ ልሂድና እመለሳለሁ። ቶሮንቶ ውስጥ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ከዚህ ከተማ የሄደ አንድ መጋረጃ አለ። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐር የተሸመነ ነው፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። የተሠራው በተለመደው የሸማኔ ዕቃ አይደለም። ድሩን ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ አሳልፎ፣ ሰሌዳዎቹን በአንድ ላይ እያዞሩ ማጉን መሐል ለመሐል በማስገባት ነው። ብዙ ሕዝብ በዚህ ዘዴ መቀነትና ጠፈር ይሠራል፤ የጎንደር ሰው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች አሰልፎ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ሠራበት። በዚህ ዘዴ ይህን የሚያክል ሥራ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይታወቅም። ሌላው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር ብዙ ንብረት ወደ መቅደላ አግዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ እነዚህም ተወሰዱ። መጋረጃዎቹን ለዓመታት ያጠኑት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጀርቨርስ፣ የተሳለው የአጼ በካፋ ሞት ነው ይላሉ፤ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱም አሉበት።

ፊቱ ቆሜ እንዳየሁት የእናቴ ጥያቄ መጣብኝ። የንጉሡን ስም እናውቃለን። የንግሥቲቱን እናውቃለን። የዘራፊውን መኮንን ስም እንኳ ሙዚየሙ መዝግቦታል። የሸመነው ሰው ስም የለም።

እንግዲህ ዘንድሮ ለዚህ በዓል ስመጣ ሁለት ሳምንት ቀድሜ መጣሁ። ቁራጭ ፍለጋ። ባለቤቴ «ለመዳፍ ጨርቅ የአውሮፕላን ትኬት!» እያለ ሸኘኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት አዲስ ዓለም ነው። የጎንደር ሙስሊሞች ለዘመናት ከሚታወቁባቸው ሙያዎች ንግድና ሽመና ዋነኞቹ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየሰደዱ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ይህን ማን ፈተለው?» አልኳቸው። መወርወሪያውን አቆሙት። «እህቴ፣ በዚህ ሙያ ዕድሜዬን ፈጀሁ፣ ስንት ነው እንጂ ማን ፈተለው ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ አይበጠስም። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው፤ ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው ያ ነው፤ እንደ ዳቦ ይነፋል፣ ሙቀት ይይዛል። ሁለቱም የፋብሪካ ከሆነ ጨርቁ ለዓይን ያምራል፣ ለብርድ አይሆንም። ፈታዮቹ ግን እየቀነሱ ነው አሉኝ። አንዲት ሴት ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ለመፍተል የምታጠፋው ጊዜና የምታገኘው ገንዘብ አይገናኝም፤ የታተመው ጨርቅ ደግሞ በእሳቸው ዋጋ ሩብ ገበያ ላይ ይዘረጋል። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። «ጥሩ ነው፣ ቤት ይደጉማል» አሉ እንጂ አላማረሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በልጅነታችን ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን ምን እያልን እንጠራቸው እንደነበር እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ዓይናቸውን እንፈራ ነበር። የሠሩትን ለብሰን፣ በሠሩት ድስት በልተን! ወለቃ ሄጄ ያ ስሜት መጣብኝ። የቤተ እስራኤል ወንዶች ይሸምኑበትና ብረት ይቀጠቅጡበት፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩበት የነበረ መንደር ነው፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ በመንገድ ዳር የሸክላ አንበሳ የሚሸጡት ሌሎች ሴቶች ናቸው። ጥሩ ይሠራሉ። ቱሪስት ግን የለም፤ የዘረጉትን አቧራ ጠርገው መልሰው ይሰበስባሉ።

ከዚያ ወደ ሰሜን። መንገዱን ከሾፌሮች ስጠይቅ ሰንብቼ፣ ደህና ነው በተባለ ቀን ማለዳ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቲም ትሬኒንግ ዳባት የወጣችሁ ብርዱን ታስታውሱታላችሁ። (ጀርባ ላይ የምትስቁት ለምን እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ያችን ብርድ ልብስ የሰረቀኝ ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው።) ደጋው ጥጥ አያበቅልም። ጥጡ ከመተማና ከቋራ ቆላ ይወጣል፤ የደጋው የራሱ በግ ነው። ደባርቅ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት የበግ ፀጉር በእንዝርት እየፈተሉ ቆመው ያወራሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ። እንዝርቷ ግን አትቆምም። ጥቁሩም ነጩም የበጉ የራሱ መልክ ነው፤ ቀለም አልነካውም። ትንሽ የተሸመነ ቁራጭ እንዲሸጡልኝ ስለምናቸው፣ «ምን ያደርግልሻል? ለአንድ እግርም አይበቃ» አሉ። «ከሌላ አገር ጨርቅ ጋር ልገጥመው ነው፣ እመይቴ።» አሰቡበት። «እንግዲያ ከደህና ጨርቅ ጋር ግጠሚው፣ የኔ ልጅ» ብለው ከባናው ጫፍ ቆርጠው ሰጡኝ። ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው ብዬ ጽፌ ይዣለሁ። እሳቸው ፈተሉት፣ የእህታቸው ባል ሸመነው።

ለምትሰፉ ሰዎች ሦስት ነገር ልበል። የእጅ ሸማ ልል ስለሆነ እንደቆረጣችሁት ይተረተራል፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ከጀርባው ስስ ገበር ለጥፉበት ወይም ዙሪያውን ስፉት። ሳይታጠብ አትግጠሙት፤ ይሰበሰብና ጎረቤቱን ይጎትታል። ጥለቱን ደግሞ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ፈትኑ፣ ቀዩ ክር ብዙ ጊዜ ይለቃል። የመጀመሪያው ሥራዬ እንደ ቁስል ፋሻ ሆኖብኝ ያውቃል።

የመጨረሻው ቁራጭ ከቤት ነው የተገኘው። እናቴ ወደ ውጭ ስወጣ የሰጠችኝ ጋቢ አለ፤ ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አመልማሎ አድርጋ ፈትላዋለች። ከመስቀል እስከ ገና ፈጅቶባታል፤ ያውም ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት። ሻንጣ ውስጥ ይዤው የምዞር እንጂ አንድም ቀን መቀስ ያላስጠጋሁት ነው። የዛሬ ሳምንት አልጋዋ ላይ ዘርግቼ ጫፉን ስዳስስ አየችኝ። ዓይኗ ደክሟል፣ ግን አወቀች። «ቁረጪው እንጂ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይበላሻል።»

«የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ ቁረጪ አልኩሽ። ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው እዚያ ያሉት ሰዎች ይዩት።»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆረጥኩ። መርፌ ሰው ላይ ስወጋ እንደዚያ ተንቀጥቅጬ አላውቅም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የእኛ ዓመት ልጆች በየአገሩ ተበትነናል፤ ጁሃንስበርግ ያለ አለ፣ ሚኒሶታ ያለ አለ፣ መተማ ጤና ጣቢያ የቀረም አለ። ያለፉም አሉ። ከእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ቁራጭ እፈልጋለሁ፤ ባዶ እጁን የመጣ በፖስታ ይላክልኝ። ከሰፈራችሁ፣ ከእናታችሁ ሳጥን፣ ከሰርግ ልብሳችሁ፣ ከፈለጋችሁ ከድሮ ነጭ ጋዋናችሁ ይሁን። ላለፉትም ከቤተሰቦቻቸው ለምነን እናምጣ፤ የአንዱ ጓደኛችን ባለቤት የሸሚዙን እጅጌ ትናንት ሰጥታኛለች። ገጥሜ፣ ገበር አድርጌ፣ በሚቀጥለው መገናኛ አመጣዋለሁ። ሁላችንም ስናየው፣ ሆስፒታሉ ለአራሶች ክፍል ከተቀበለን እዚያ ይቀመጣል፤ ካልሆነ አብረን እንመክራለን።

ልኩ ስፋቱም ቁመቱም አንድ ስንዝር ነው፤ በዙሪያው ሁለት ጣት ለስፌት ጨምሩ። ከቁራጩ ጋር ወረቀት ይያያዝ፦ ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ የት። የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ፣ እናት ያላችሁ በተለይ። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ እኔና መቀሴ እንቆያለን። ክብሪትም ይዣለሁ።